ድንችና ውርጭ በጅማ ዙሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ውርጭ አለ እንዴ? የቡናና የሙዝ አገር አይደል?

አለ፤ ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። የጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይናደጋ ናት፤ ተዳፋት ላይ ባሉ ግቢዎቿ ውርጭ ብርቅ ነው። ድንች በብዛት የሚተከለው ግን ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በዴዶ፣ በጌራ፣ በሲግሞና በኦሞ ናዳ ደጋማ ቀበሌዎች ነው። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። 2,400 ሜትር ላይ ያለ ማሳ ከከተማው በ4 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል ማለት ነው።

ይሁንና ከፍታ ብቻውን አይፈርድም። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይተኛል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከጅሬን ተረተር ይልቅ ታች በቦዬ ረግረግ ዙሪያ ያለው ሜዳ ሊበርድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ገበሬ ማሳው ጠቁሮ ሲያድር 200 እርምጃ ከፍ ብሎ ያለው ጎረቤቱ ምንም ሳይነካው የሚያድረውም ለዚሁ ነው፤ የዕድል ጉዳይ አይደለም።

አስጊዎቹ ወራት የትኞቹ ናቸው?

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ያሉት። የከፋው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ አንዳንድ ዓመት እስከ የካቲት መጀመሪያ ይዘልቃል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደመናው ይገፈፋል፣ አየሩ ይደርቃል፣ መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና ደግሞ የመሬት ብርድ ልብስ ነው።

ከውጭ በተተረጎሙ የግብርና ጽሑፎች «የመጨረሻው የፀደይ ውርጭ እስኪያልፍ ድረስ አትትከሉ» የሚል ምክር ያጋጥማል። ያ ምክር የተጻፈው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ውርጭ ለሚመታቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ሚያዝያና ግንቦት የዝናብና የደመና ወራት ስለሆኑ በዚያን ጊዜ ድንችን የሚያሰጋው ውርጭ ሳይሆን ሌት ብላይት የተባለው የቅጠል በሽታ ነው። ስለዚህ የዘዴውን ምክር ይውሰዱ፣ የቀን መቁጠሪያውን ይተዉት።

ድንች የሚቃጠለው በስንት ዲግሪ ነው?

ቅጠሉ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሲደርስ ጉዳቱ ይጀምራል። ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ ከደረሰና ጥቂት ከቆየ አብዛኛው ቅጠል ይሞታል። ከዜሮ በታች 3 ላይ ግንዱም ጭምር ይሄዳል። የሚገድለው ብርዱ ራሱ ሳይሆን በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሕዋሳቱን ማፈንዳቱና ማድረቁ ነው። ጠዋት ቅጠሉ በፈላ ውሃ የተነከረ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

የስልኬ አየር ትንበያ 4 ዲግሪ እያለ እንዴት ማሳዬ ተቃጠለ?

ሦስት ነገሮች ተደምረው ነው። አንደኛ፣ ስልኩ የሚነግርዎት የከተማውን ወይም የሰፊ አካባቢን ግምት እንጂ የእርስዎን ረባዳ አይደለም። ሁለተኛ፣ የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጥላ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። በጠራ ሌሊት ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ላይ ያለው ቅጠል ከዚያ በ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊበርድ ይችላል። ሦስተኛ፣ ትንበያው የሚለው የሌሊቱን ዝቅተኛ ነው፤ ያ ዝቅተኛ የሚደርሰው ደግሞ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ሌሊት በ6 ሰዓት ወጥተው ደህና መሆኑን አይተው የተኙ ሰዎች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው።

በተግባር የሚሠራ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ስልኩ ለከተማው 8 ወይም ከዚያ በታች ካለ፣ ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ፣ ማሳዎ ከፍ ያለ ደጋ ወይም ረባዳ ላይ ከሆነ፣ ለዚያ ሌሊት ይዘጋጁ።

ዛሬ ማታ እንደሚወርድ በምን አውቃለሁ?

ከሰዓት በኋላ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ውሎ ማታ ጸጥ ካለ፣ ከዋክብቱ ጥርት ብለው ከታዩ፣ ጭስ ከቤት ወጥቶ ሽቅብ ከመሄድ ይልቅ ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ከተዘረጋ፣ ምልክቱ ተሟልቷል። ጭሱ ዝቅ ብሎ መዘርጋቱ ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ አየር መደራረቡን ይነግርዎታል።

ጤዛንም ይመልከቱ። ምሽት ላይ ገና በ3 ወይም በ4 ሰዓት ሣሩ በጤዛ ከራሰ አየሩ እርጥበት አለው፤ ጤዛ ሲወርድ ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ይዘገያል። እኩለ ሌሊት ደርሶ ሣሩ ደረቅ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። እንዲህ ባለ ሌሊት ነጭ አመዳይ ሳይታይ ድንቹ ጠቁሮ ሊያድር ይችላል። «አመዳይ አልነበረም፣ ታዲያ ምን አቃጠለው?» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቴርሞሜትር ከተገኘ ማሳው ዝቅተኛ ጥግ ላይ፣ በቅጠሉ ቁመት፣ ሰማይ በሚያየው ቦታ ይሰቀል። ከሌለ ዝርግ የብረት ሳህን ላይ አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ ጨምረው ገለባ ላይ ያስቀምጡት። ጠዋት ስስ በረዶ ከያዘ ያ ጥግ ውርጭ የሚተኛበት ነው። ይህን ከመትከልዎ በፊት በነበረው ኅዳር ማድረግ ከተከሉ በኋላ ከማድረግ በብዙ ይበልጣል።

ማሳ ስመርጥ ምን ልይ?

የውርጭ ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነው። ማታ ላይ የሚደረገው ሁሉ፣ ማልበሱም ውሃውም፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዲግሪ ይታገላል። የማሳው አቀማመጥ ግን ብቻውን ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ተዳፋት መሀሉ ከሁሉም ይሻላል፤ ቀዝቃዛው አየር በላዩ ያልፋል እንጂ አይተኛም። የሸለቆ ወለል፣ የወንዝ ዳር ሜዳና በኮረብታ የተከበበ ጎድጓዳ መጥፎ ናቸው። ችግሩ በጋ ላይ ውሃ የሚገኘውም እዚያው ወንዝ ዳር መሆኑ ነው፤ በመስኖ የሚተከል ድንች በውርጭ የሚጠቃውም ስለዚህ ነው። ምርጫ ካለ ውሃውን በቦይ ወይም በፓምፕ ጥቂት ሜትሮች ከፍ አድርጎ ተዳፋቱ ላይ መትከል ያዋጣል።

ሌላው ሰዎች የማያስተውሉት አጥር ነው። ከማሳው በታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ መስመር፣ የቁጥቋጦ አጥር ወይም የድንጋይ ካብ ካለ ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ያቁረዋል። በታችኛው ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚሆን በር ይክፈቱለት፤ የዛፎቹን የታች ቅርንጫፍ እስከ ወገብ ድረስ መመልመልም ይረዳል። ከማሳው በላይ በኩል ያለ አጥር ግን ተቃራኒ ነው፤ የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ስለሚመልስ ይቆይ። ትልሙን ሙሉ በሙሉ ቁልቁል ማድረግ ግን አይመከርም። አየሩ ይወርድ ይሆናል፣ አፈሩም አብሮት ይወርዳል።

መቼ ልትከል?

ድንች እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል፤ ቡቃያው ከአፈር ለመውጣት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዘው ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

መስከረም 1 የተተከለ ድንች በ100 ቀኑ ታኅሣሥ 10 ላይ ይደርሳል። ቀድሞ የሚደርስ ዝርያ ከሆነና ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ከተተከለ ውርጩ ሳይጠነክር ይወጣል፤ በሌላ በኩል በዝናቡ መጨረሻ ለሌት ብላይት ይጋለጣል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የተተከለ ከሁሉም የከፋ አጋጣሚ ይገጥመዋል፦ ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ፣ ድንቹ ሥሩ ላይ ማበጥ በጀመረበት ሰሞን ውርጩ ይደርስበታል። ኅዳር ላይ የተተከለ ደግሞ ታኅሣሥና ጥርን በለጋነቱ ያሳልፋል፤ ያ ቢያንስ አፈር ሊለብስ የሚችልበት ዕድሜ ነው።

ረባዳ ማሳ ብቻ ላለው ሰው ጥር 15 አካባቢ መትከል የተሻለ ነው። ቡቃያው የካቲት መጀመሪያ ወይም ከዚያ በኋላ ይወጣል፣ ሚያዝያ 25 ገደማ ይቆፈራል። ውሃ እስከ መጋቢት ዝናብ ድረስ መኖሩን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ቡቃያው ገና ብቅ ብሏል፤ ዛሬ ማታ ደግሞ ሊወርድ ነው። ምን ላድርግ?

አፈር ይልበስ። ከሁሉም ርካሹና አስተማማኙ ይህ ነው። ቡቃያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር እስኪሆን ድረስ ከትልሙ መሀል አፈር ስበው ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑት፤ ከጫፉ በላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ልል አፈር በቂ ነው። ድንች ከተቀበረ ቡቃያ ራሱን ችሎ ይወጣል፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ጫፉ እንደገና ይታያል። ለማንኛውም አፈር ማስታቀፍ ያለብዎት ስለሆነ ሥራው አይባክንም።

ሲሸፍኑ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ ጓል አፈር መከመር ነው፤ በጓሎቹ መሀል ያለው ክፍተት ብርዱን ያስገባል፣ ለጋውን ግንድም ይሰብራል። ሁለተኛው ውሃ የጠጣ ጭቃ መሳብ ነው፤ ደርቆ ሲጠነክር ቡቃያው አይወጣም። አፈሩ ሲጨብጡት የሚቋጠር፣ ሲነኩት የሚፈረፈር መሆን አለበት።

ተክሉ ከ25 ሳንቲሜትር ካለፈ ሙሉ በሙሉ መቅበር አይመከርም። ያን ጊዜ እስከ ግንዱ አጋማሽ ማስታቀፍ ይበቃል፤ የላይኛው ቢቃጠል እንኳ አፈር ውስጥ ያለው ዓይን ያቆጠቁጣል።

ተክሉ አድጓል። በምን ላልብሰው?

ጆንያ፣ አሮጌ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል፣ ደረቅ ሣር፤ ሁሉም ይሠራሉ። እንደ ውፍረታቸው ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ይጠብቃሉ። የማልበስ ዓላማው ተክሉን ማሞቅ አይደለም፤ ተክል እንደ ሰው ሙቀት አያመነጭም። ዓላማው ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ሰማይ እንዳይበላው መያዝ ነው። ከዚህ ሁሉም ነገር ይከተላል፦

ማልበስ ያለብዎት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሌሊት በ8 ሰዓት ተነስቶ ማልበስ ብርዱን አብሮ መሸፈን ነው። ጠርዙ መሬት ድረስ ወርዶ በአፈር ወይም በድንጋይ ይያዝ፤ ከላይ ብቻ ጣል የተደረገ ጆንያ ሙቀቱን በጎን ያፈሳል። ተክሉን ከሥር ሰብስቦ ማሰርም ልክ አይደለም፤ ያን ጊዜ የሸፈኑት ተክሉን ብቻ ነው፣ የሙቀቱ ምንጭ የሆነውን መሬት ውጭ አስቀርተውታል። በየ2 ሜትሩ ችካል ተክሎ በላዩ ገመድ ወጥሮ ማልበስ ቅጠሉ እንዳይሰበርም፣ ከበረደው ጨርቅ ጋር እንዳይነካካም ያደርጋል።

ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ አመዳዩ ሲቀልጥ ይግለጡ። ቀን ላይ ተሸፍኖ የዋለ ድንች ታፍኖ ይጠወልጋል፤ እርጥበቱም ለበሽታ ይመቻል።

ስንት ጆንያ ያስፈልገኛል?

የኩንታል ጆንያ በጎንና በሥሩ ተቀዶ ሲዘረጋ 1 ሜትር በ1.2 ሜትር ያህል ይሆናል። አንዱ የአንድ ሜትር ትልም ያለብሳል። ለ10 ሜትር ትልም፣ ተደራርበው እንዲገናኙ፣ 11 ወይም 12 ይያዙ።

አሁን ይህን በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በ2,500 ካሬ ሜትር ላይ ያስቡት። በትልም መሀል 75 ሳንቲሜትር ከተተወ የትልሙ ርዝመት በድምሩ 3,300 ሜትር ያልፋል። ከ3,300 በላይ ጆንያ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ማታ ማልበሻ፣ ጠዋት መግፈፊያ ሰው። አይሆንም። ማልበስ ለጓሮ መደብና ለዘር ብዜት ለተለየች ቁራሽ መሬት የሚሆን ዘዴ ነው። ለሰፊ ማሳ መልሱ የመሬት ምርጫ፣ የተከላ ቀን፣ አፈር ማስታቀፍና ውሃ ነው። በእጅ ያለው ጆንያ ትንሽ ከሆነ ዝቅ ያለውን ጥግ ብቻ ያልብሱ፤ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው።

ላስቲክስ?

ከምንም ይሻላል፣ ከጨርቅ ግን ያንሳል። ስስ የግሪን ሃውስ ላስቲክ መሬት የምትለቀውን ሙቀት በአብዛኛው ያሳልፋል፤ ቅጠሉን ከነካ ደግሞ የነካበት ቦታ በቀጥታ ይቃጠላል። የግድ ከሆነ በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ቅስት ላይ ከቅጠሉ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው ይወጥሩት፣ ጠዋት ደግሞ ከጨርቁ ቀድመው ይግለጡት፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ውስጡ በፍጥነት ይግላል።

ጉዝጓዝ ሣር መሬቱ ላይ ብጎዘጉዝ ድንቹ ይሞቀዋል?

ሥሩ ይሞቀዋል፣ ቅጠሉ ይበርደዋል። በዚህ ጥያቄ ላይ ስህተት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። በትልሙ መሀል የተነጠፈ ሣር ቀን ፀሐይ አፈሩን እንዳታሞቀው ይጋርዳል፣ ሌሊት ደግሞ አፈሩ ያለችውን ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይለቅ ያፍናል። ውጤቱ ከጉዝጓዙ በላይ ያለው አየር ከባዶ አፈር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ያው ሣር በተክሉ አናት ላይ ሲለብስ ግን ይጠቅማል። ስለዚህ በውርጭ ወራት ሣሩን ዳር ላይ ከምረው ያቆዩ፤ አስጊ ሲሆን ማታ ከላይ ያልብሱት፣ ጠዋት ይመልሱት። ውርጩ ሲያልፍ መጎዝጎዝ ይቻላል፣ እንዲያውም በበጋ እርጥበት ስለሚይዝ ጥሩ ነው።

አረምም እንደ ጉዝጓዝ ነው። በትልሙ መሀል ያለው አረም ነቅሎ ከማሳው መውጣት አለበት። ኩትኳቶ ግን ከውርጩ በፊት ባሉት ቀናት አይደረግ፤ አዲስ የተኮተኮተ ልል አፈር አየር ስለሚሞላው ሙቀት አይዝም። ቡቃያውን ለመሸፈን አፈር መሳብ ሌላ ነገር ነው፤ ተክሉ አፈር ውስጥ እስከሆነ ድረስ ይህ አያሳስብም።

ውሃ ማጠጣት ይረዳል ወይስ ይጎዳል?

በሰዓቱ ከሆነ ይረዳል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ቀን ብዙ ሙቀት ያጠራቅማል፣ ሌሊትም ይለቃል። ውርጭ ከሚጠበቅበት ሌሊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ረፋድ ላይ፣ የላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር እስኪርስ በቦይ ያጠጡ። ረፋድ የተባለው ፀሐይ እርጥቡን አፈር የምታሞቅበት ሰዓት እንዲተርፍ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ የተለቀቀ ቀዝቃዛ ውሃ ያን ጊዜ አያገኝም፤ ላዩ እየተነነም ያቀዘቅዛል። ጥቅሙ አንድ ዲግሪ፣ ሲበዛ ሁለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በሚተርፍና በሚሞት ቅጠል መሀል ያለው ልዩነት ያችው አንድ ዲግሪ ናት።

ውሃ እንዲቆም አያድርጉ። ድንች ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል፤ በባክቴሪያ አጠውልግ የተበከለ ማሳ ከሆነም ውሃው በሽታውን ከትልም ወደ ትልም ያጓጉዛል።

ሌሊቱን ውሃ በስፕሪንክለር መርጨትስ?

ይሠራል፣ ግን ቅድመ ሁኔታው ከባድ ነው። ውሃ ሲረጋ ሙቀት ይለቃል፣ ያ ሙቀት ቅጠሉን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። ለዚህ ግን ቅዝቃዜው ዜሮ ሳይደርስ፣ በቅጠሉ ቁመት 1 ወይም 2 ዲግሪ ላይ ሳለ ተጀምሮ፣ በረዶው ፀሐይ ወጥታ ራሱ እስኪቀልጥ ድረስ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። መሀል ላይ ነዳጅ ካለቀ ወይም መብራት ከጠፋ ካልረጩት ይብሳል፤ አንድ ግራም ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ሲረጋ ከሚለቀው ሰባት እጥፍ ይበልጣልና።

መጠኑን እንመልከት። በሰዓት 3 ሚሊ ሜትር ቢረጭ ለአንድ ጥማድ በሰዓት 7,500 ሊትር ነው። ለአራት ሰዓት 30,000 ሊትር። ይህ የውሃ አቅምና የማይቋረጥ ፓምፕ ከሌለ አይጀመር። በባልዲና በማጠጫ ጣሳ ሌሊት ቅጠል ማርጠብ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ጠዋት አመዳዩን በውሃ ማጠብም ይነሳል። ፀሐይ ሳይነካው ማጠብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሕዋሱ ከፈነዳ በኋላ ግን ውሃ አይጠግነውም። ተክሉን የሚያተርፈው ሌሊቱን የተደረገው ነው።

ጭስ ማጨስስ?

ጭሱ አይጠቅምም፤ እሳቱ ጥቂት ይጠቅማል። ጭስ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት የሚያግድ መጋረጃ ይመስላል፣ ግን የጭስ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሙቀቱ በመሀሉ ያልፋል። እንደ ደመና ወይም እንደ ጉም አይደለም። ይባስ ብሎ ጠዋት ፀሐይዋን ይጋርድና ማሳው ቶሎ እንዳይሞቅ ያደርጋል። እርጥብ ቅጠል፣ ጎማ ወይም ላስቲክ ማቃጠል ደግሞ ለሳንባ መርዝ ነው።

እሳት ከሆነ ብዙና ትናንሽ ይሁን። አንድ ትልቅ ደመራ ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በቦታው ቀዝቃዛ አየር ከጎን ይስባል። የሚፈጀው እንጨት ከሚተርፈው ድንች ዋጋ ጋር ሲመዛዘን በአብዛኛው አያዋጣም።

ማዳበሪያ ውርጭ ያስችላል?

ዩሪያ ያበዛ ማሳ ለምለምና ውሃ የሞላው ለስላሳ ቅጠል ስለሚያወጣ በቀላሉ ይመታል። ውርጭ በሚጠበቅባቸው ሁለት ሳምንታት ውስጥ ዩሪያ አይጨምሩ። በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ያገኘና ውሃ ያልተጠማ ተክል ከተመታ በኋላ ቶሎ ያገግማል፤ ከዚህ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ፈሳሽ የሚሸጥልዎት ሰው ካለ ገንዘብዎን ለጆንያ ያውሉት።

ውርጭ የሚቋቋም ዝርያ አለ?

በገበያ የለም። በሆለታ ምርምር ማዕከል የተለቀቁት ጃለኔ (እ.ኤ.አ. 2002)፣ ጉደኔ (2006) እና በለጠ (2009) በምርታቸውና ሲለቀቁ በነበራቸው የሌት ብላይት መቋቋም የታወቁ ናቸው፤ በውርጭ ፊት ግን ሁሉም የሚበላው የተለመደ ድንች ናቸው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ የሚችሉ መራራ ድንቾች አሉ፤ መራራነታቸው በውርጭና በውሃ ካልወጣ አይበሉም። ዝርያ ሲመርጡ ለውርጭ ሲባል መታየት ያለበት የሚደርስበት ቀን ነው።

በደንብ የጎነቆለ ዘር መትከልም ቀን ይቆጥባል። ጉንቁሉ አጭርና ጠንካራ፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር የሆነ ዘር ካልጎነቆለው ቀድሞ ስለሚወጣ አንድ ሁለት ሳምንት ያተርፋል። ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይሁን።

ቅጠሉ ጠቁሯል። ውርጭ ነው ወይስ በሽታ?

ፍጥነቱን ይጠይቁ። ትናንት ማታ ደህና የነበረ ማሳ ዛሬ ጠዋት ጨለም ያለ አረንጓዴ ሆኖ ከላላ፣ እኩለ ቀን ላይ ከጠቆረ፣ በሁለት ቀን ከደረቀ ውርጭ ነው። የላይኛውና ሰማይ የሚያየው ቅጠል ይመታል፣ በሌላ ቅጠል የተጋረደው የታችኛው ይተርፋል። ዛፍ ጥላ ሥር ያሉት ደህና፣ ረባዳው ጥግ ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ ይሆናል።

ሌት ብላይት ቀናት ይፈጃል፣ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ይዛመታል፣ ዝናብና ጉም ይወዳል። ቁስሉ ዙሪያ ፈዛዛ አረንጓዴ ጠርዝ አለው፤ ጠዋት ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩ በቁስሉ ዳርቻ ነጭ ሻጋታ ይታያል። ለውርጭ ፈንገስ ማጥፊያ መርጨት ገንዘብ መበተን ነው።

ቀኑን ብቻ የጠወለገ፣ ቅጠሉ ግን ያልጠቆረ ከሆነ አጠውልግን ይጠርጥሩ። ግንዱን ከሥሩ ቆርጠው ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ያቁሙት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወተት መሰል ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው።

ተመታብኝ። ነቅዬ ልጣል?

አይንቀሉ፤ አይቁረጡም። ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠብቁ። የሞተው ቅጠል ለታችኛው ግንድ ለሚቀጥለው ሌሊት ልብስ ይሆነዋል፤ ውርጭ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ ሁለትና ሦስት ሌሊት ይከታተላል። በዚህ ጊዜ መጠነኛ ውሃ ይስጡ፤ ቅጠል የሌለው ተክል ብዙ ስለማይጠጣ የቀድሞውን ያህል አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የሚደረገው በዕድሜው ይወሰናል። ከወጣ ከአንድ ወር በታች ከሆነ ከአፈር ውስጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የተተከለው ዘር ያለውን ስንቅ ገና አልጨረሰምና። መድረሻው በ2 ወይም 3 ሳምንት ይዘገያል። አዲሱ ቡቃያ 10 ሳንቲሜትር ሲሆን የቀረውን የዩሪያ ድርሻ ይስጡ፣ አፈር ያስታቅፉ።

ማበጥ የጀመረበት ዕድሜ ላይ ከሆነ ጉዳቱ ትልቅ ነው። ተክሉ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ከያዘው ድንች ላይ ይበደራል፣ ቀሪው ምርት ትናንሽና መጠኑ የተለያየ ይሆናል። ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ከተረፈ ተንከባክቦ ማቆየት፤ ሙሉ በሙሉ ከተቃጠለ ጥቂት ሥር ቆፍሮ ማየትና የገበያውን ዋጋ ማስላት።

ለመቆፈር ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በታች ከቀረው ውርጩ የእርስዎን ሥራ ሠርቷል። ልጣጩ እንዲጠነክር ቅጠሉ ከሞተ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን አፈር ውስጥ ይቆይና ይቆፈር። በአውራ ጣት ሲፈትጉት ልጣጩ ካልተላጠ ደርሷል። በነዚህ ቀናት ውሃ አይጠጣ፣ የተሰነጠቀ ትልምም በአፈር ይደፈን፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ፀሐይ የሚያየው ድንች አረንጓዴ ይሆናልና። አረንጓዴው መራራና መርዛማ ስለሆነ አይበላም።

ውርጭ የመታው ማሳ ድንቹ ይበላል? ለዘርስ ይሆናል?

አፈር ውስጥ የነበረው ይበላል። በእኛ ውርጭ አፈሩ ወደ ውስጥ አይረጋም፤ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ አፈር ያለበሰው ድንች ምንም አይነካውም። አደጋው ተቆፍሮ ሜዳ ላይ ያደረው ላይ ነው። ድንች ራሱ ከዜሮ በታች 1 እስከ 2 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ ሲቀልጥ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ውስጡ ግራጫ ይሆናል፣ በጥቂት ቀን ይሸታል። በኅዳርና በታኅሣሥ የቆፈሩትን ከ11 ሰዓት በፊት ሰብስበው ከጣሪያ ሥር ያስገቡ።

ለዘር ከበሽታ ነጻ ከሆነ ይሆናል፤ ከዶሮ ዕንቁላል ያላነሰውን ይምረጡ። ረግቶ የቀለጠውን ግን አይቀላቅሉ፤ አንዱ ሲበሰብስ ክምሩን ይዞ ይሄዳል።

ከድንቹ አጠገብ ያሉት አትክልቶችስ?

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቦሎቄና ዱባ ከድንች እኩል ወይም ቀድመው ይሞታሉ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ቀላል ውርጭ አይበግራቸውም። ረባዳው ጥግ በየዓመቱ የሚመታ ከሆነ በኅዳር እዚያ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይትከሉ፣ ድንቹን ወደ ተዳፋቱ ያውጡት።